አሥራ ሁለተኛው ስህተት

መጽሐፉ አንድ ብቻ ነበር።

ሁላችንም ልንገባበት የምንመኘው ኮሌጅ የአሥራ አምስት ዓመት የመግቢያ ፈተናዎቹ ከነመልሳቸው ታትመው፣ በአንድ ወፍራም ጥራዝ ተጠርዘው፣ በሕዝብ መጻሕፍት ቤቱ ንባብ ክፍል ይቀመጣሉ። መጽሐፉ ከክፍሉ አይወጣም፤ ፎቶ ኮፒም አይደረግም። መዝገብ ላይ ስሙን ያሰፈረ ሰው ተራው ሲደርስ ለአንድ ሰዓት ይቀበላል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይመልሳል። የባለጸጋ ልጆች ተራ ሲጠብቁ አይቼ አላውቅም። ለምን ይጠብቁ? እነሱ መጽሐፉን ትተው መጽሐፉን ያዘጋጀውን ሰው በየቅዳሜው ሳሎናቸው ያስቀምጡት ነበር።

የእኔ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነበር። ጠዋት እማራለሁ፣ ከምሳ በኋላ አነባለሁ፣ ከዚያ እናቴ ወደምትሠራበት ላውንደሪ ሄጄ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ጓደኛ አልነበረኝም። ጓደኛ ጊዜ ይፈልጋል፤ የእኔ ጊዜ ደግሞ ከሸሚዞቹ ጋር ተጣጥፎ ያልቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ከአንድ የአልጀብራ ጥያቄ አጠገብ፣ ሕዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ጽሑፉ የታተመ ይመስላል፤ ፊደሎቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«አራት ጊዜ ሠራሁት፤ የመጽሐፉ መልስ አልመጣልኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሠራሁት። ለእኔም አልመጣም። ደግሜ ሠራሁት። ከዚያ ደሜ ፈላ። እርሳሴን አንሥቼ ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው። ለምን ራስህን ትከሳለህ?» ወንድ መሆኑን በምን እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ያላት ሴት ካለች በቅናት እሞታለሁ ብዬ ነው ወንድ ያደረግኩት።

ዓርብ መልስ ጠበቀኝ። «መጽሐፍ ይሳሳታል?»

«የጻፈው ሰው ነው፤ መልአክ አይደለም።»

«እሺ።»

ያቺ «እሺ» አበሳጨችኝ። እኔ የፈለግኩት ክርክር ነበር። «አሥራ ዘጠነኛውንም እየው፤ እዚያም ዋሽተውሃል» ብዬ ጻፍኩለት።

«አየሁት። እሺ።»

«ከእሺ ሌላ ቃል አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን።»

ብቻዬን ሳቅኩ። ንባብ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከሳቅኩ ስንት ወር እንደሆነኝ ያወቅኩት ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሲሆንብኝ ነው።

እንዲህ እያልን ሦስት ወር ቆየን። ማክሰኞን በጉጉት መጠበቅ ጀመርኩ። ማክሰኞን በጉጉት የሚጠብቅ ሰው ምን ያህል ብቸኛ እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ እትዬ ደረሱብን።

እትዬ የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሁላችንም በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። አንድ ዓርብ መጽሐፉን ከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ይህኛውስ?»

«አላውቀውም።»

«አታውቂውም? ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ስትጻጻፉ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እትዬ በዓይናቸው ጸጥ አሰኙት። መዝገቡን አገላብጠው ከእኔ ተራ በዋዜማው ዘወትር ያለውን ስም አግኝተውታል። «ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችሁም ላጲስ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አንዲት ጭረት ብትቀር ዓይናችሁን እዚህ አላይም።»

ቅዳሜ ቀድሞኝ ተቀምጦ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፤ ጥፍሮቹ ሥር ቀይና ሰማያዊ ቀለም ገብቷል። ታፔላ ጻፊ ነበር፤ ግማሽ ቀን ይማራል፣ ግማሽ ቀን የሱቅና የቢሮ ታፔላ ይጽፋል። በሰፈሩም የሚጠራው «ታፔላው» ተብሎ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ማንን ጠብቀህ ነበር?»

«ወንድ መስለሽኝ ነበር።»

«በምን ምክንያት?»

«በጽሑፍሽ።»

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ሳቄ ቀደመኝ። ላጲስ ረስቼ ነበር የመጣሁት። የእሱን በምላጭ እኩል ሰንጥቆ ግማሹን ሰጠኝና ከሁለቱ ጫፎች ጀምረን ማጥፋት ያዝን። መካከል ላይ ስንደርስ እጄን አነሣሁ።

«ይህን አላጠፋም» አልኩ።

«ታጠፊያለሽ» አሉ እትዬ ከመደርደሪያው ጀርባ።

«እትዬ፣ መልሱ ስህተት ነው እኮ! ነገ ሌላ ልጅ መጥቶ ራሱን ደደብ ይበል?»

«መጽሐፉ የሕዝብ ንብረት ነው።»

«ስህተቱስ የማን ንብረት ነው?»

እትዬ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እሱ ከቦርሳው ንጹሕ ወረቀት አወጣ። «እዚህ ላይ እንገልብጠውና እናጥፋው» አለ። እሱ እንዲህ ነበር። እኔ በሩን ስደበድብ እሱ ቁልፉን ይፈልጋል።

እኔ ነገርኩት፣ እሱ ጻፈ። አሥራ ሁለት ስህተት ቆጥሬ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ብዕሩን አነሣ።

«ይህን እንኳ መጽሐፉ ልክ ነው።»

«አይደለም!»

«እዚህ ጋ ምልክቱን ገልብጠሽዋል።»

ግማሽ ሰዓት ታገልኩት። በሕይወቴ በክርክር ያሸነፈኝ የመጀመሪያው ሰው ያሸነፈኝ በሹክሹክታ ነው። ዝርዝሩ አሥራ አንድ ላይ ቆመ፤ አሥራ ሁለተኛው ስህተት የእኔ ሆነ። ቀና ስል እያየኝ ነበር። ሲያፍር ዓይኑን ሰበረ፤ እኔም ሰበርኩ። ሁለታችንም ላጲሳችንን ብቻ እያየን ብዙ ቆየን።

ከዚያ በኋላ ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ያለው አጭር ግንብ የእኛ ሆነ። እሱ ቀለም ይሸታል፣ እኔ እንፋሎት። የማወራው እኔ ነበርኩ። ስለ አስተማሪዎቼ፣ ስለ ዓለም፣ ስለ ፍትሕ፤ እሱ ደግሞ ያዳምጣል። አንዳንድ ጊዜ ካውያ የጠበሳቸውን ጣቶቼን ይዞ አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ምንም አይልም።

አንድ ቀን ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። እናቴ አንድ እጇን ሁልጊዜ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ለምን እንደምትከት። የላውንደሪው ትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ እጇ ላይ ተዘግቶ ሁለት ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ አልተቃኑም። «የእጄን ነገር ለሰው አታውሪ» ትለኛለች። «ሰው አዝኖልሽ የሰጠሽን ሲናደድ ይቀማሻል።»

ታፔላው የራሱን ጣቶች ዘረጋ፤ መልሶ አጠፋቸው። ከዚያ «እማዬን ሰላም በይልኝ» አለ። ያን ጊዜ ገና አይቷት አያውቅም ነበር፤ ላውንደሪው ድረስ ሊሸኘኝ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያ ኮሌጅ። በዓመት ስድሳ ሰው ይቀበላል፤ የሚያመለክተው በብዙ ሺ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ውጤቴን አይተው ተነፈሱ።

«ጎበዝ ነሽ። ጎበዝ ግን ብዙ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ጎበዝና ሌላ ነገር ነው።»

«ሌላው ነገር ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከመስኮቱ ውጭ ምንም አልነበረም።

«ጎበዝ ከሆንሽ በሩ ክፍት ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በሩ ክፍት አይደለም። ገርበብ ያለ ነው፤ ከውስጥ እጁን ዘርግቶ የሚስብህ ሰው ካለ ትገባለህ። አባቱ እዚያ የተማረ፣ አጎቱ እዚያ የሚያስተምር፣ እናቷ ለሕንፃው ያዋጣች ይገባሉ። የቀረውን ጥቂት ቦታ ይዘው «እነሆ፣ በችሎታ» ይሉናል። እኛ ደግሞ በዚያ ጥቂት ቦታ እርስ በርሳችን እንጋፋለን፤ የወደቀውም ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ሕዳግ ላይ ይጽፋል።

ቅጹ አራት ገጽ ነበር። በቀለም ይሞላል፤ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤ ሁለተኛ ቅጽ አይሰጥም። ጽሑፉ ያማረ ሰው ፈልጎ ማስሞላት የተለመደ ስለነበር የእኔንም የእሱንም እሱ ሊሞላ ተስማማን። ግንቡ ላይ ተቀመጥን። እኔ ነገርኩት፣ እሱ ጻፈ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «የአመልካቹ ልዩ ሁኔታ ካለ ይገለጽ» ይላል፤ ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው።

«እዚህ ምን ልጻፍ?»

«የለም በል።»

«የለም?»

«ምን ልዩ ነገር አለኝ? ሰፈራችን ውስጥ የማይሠራ ልጅ አለ? ያልተጎዳች እናት አለች? አንተስ የራስህ ላይ ምን ጻፍክ?»

«የለም።»

«በቃ።»

በዚያ ግማሽ ገጽ ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ የሰማሁት በኋላ ነው። ተጨማሪ ወረቀት ያያይዙበታል። አንዱ ከፈረስ ወድቆ እጁ ተሰብሮ የተማረውን ጽናት ይተርካል። ሌላዋ በእረፍቷ ሦስት አገር ዞራ የሰው ልጅ አንድ መሆኑን መረዳቷን ትጽፋለች። እኛ ግን ችግራችንን ልዩ ብለን መጥራት አናውቅበትም። ችግር እኛ ቤት ቤተኛ ነው፤ ለቤተኛ ደግሞ ማንም ወንበር አይስብም።

የላውንደሪ ሰዓቴ ደርሶ ነበር። ብዕሩን ነጥቄ ከታች ፈረምኩ።

«የቀረውን ጨርሰህ አስገባው።»

«ሳታነቢው?»

«አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ዞር ስል ብዕሩን ይዞ ያንን ባዶ ቦታ ሲያይ አየሁት።

ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ለቃለ መጠይቅ የተጠራነው በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ቁጥር ነበር። በዋዜማው ሸሚዙን ተኮስኩለት፤ ኮሌታውን ሦስት ጊዜ።

ቀድሜ ገባሁ። ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

«ልዩ ሁኔታ በሚለው ሥር የተጻፈውን ደጋግመን አነበብነው» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶን አያውቅም። እስቲ አንቺ ራስሽ ንገሪን።»

«የለም» የሚል አንድ ቃል ደጋግሞ አይነበብም። ምን ተጽፎ ነው? ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኳቸውን እጆቼን አዩ፤ የተጠባበሱ ጣቶቼን። ወዲያው የእናቴ እጅ ታየኝ፤ ከሽርጧ ኪስ ተጎትታ ወጥታ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ተዘርግታ። ያን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ያነበባችሁትን እርሱት» አልኩ። «ጥያቄ ካላችሁ ሒሳብ ጠይቁኝ።»

ከግራ ያሉት ሰውዬ ወረቀት ገፉልኝ። ከድሮ ፈተና የተወሰደ ጥያቄ ነበር፤ ሠርቼ መለስኩ።

«መጽሐፉ ግን ሌላ መልስ ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አልኩ።

ሰውዬውና ሰብሳቢዋ ተያዩ፤ ፈገግ አሉ። የተናደደ ዓይን ምን ያያል? ተነሥቼ ወጣሁ።

ታፔላው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ወደ ኋላ አልተደገፈም። ሲያየኝ ተነሣ።

«እንዴት ነበር?»

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

ዝም አለ።

«የለም በል አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። ግን…»

«ግን ምን? እናቴን ሸጥካት! ለማንም ያልነገርኩትን ለአንተ ብነግርህ ወስደህ አደባባይ አሰጣህብኝ! ማን ለምንልኝ አለህ?»

«አንብበሽዋል?» አለ፤ በዚያው ሹክሹክታ።

«ማንበብ አያስፈልገኝም! ዓይናቸውን አንብቤዋለሁ!»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ያዩናል። አንዲት ልጅ በእናቷና ማህደሯን በያዘላት አስጠኚዋ መካከል ተቀምጣ አፏን ከፍታ ቀርታለች። እሱ አንድ ነገር ሊለኝ ከንፈሩን አላቀቀ። በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተና ቁጥሩ ተጠራ።

በሩን አየ። እኔን አየ። እንደዚያ ቀን ተራቁቶ የቆመ ፊት አይቼ አላውቅም።

«እሺ» አለና ገባ።

አልጠበቅኩትም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች እንኳ አላየሁም።

ውጤቱ ኮሌጁ በር ላይ ተለጠፈ። ስድሳ ቁጥር። የእኔ አርባ አንደኛው መስመር ላይ ነበር። የእሱን ፈለግኩ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። የለም። ከተጠባባቂዎቹም መካከል የለም። «ይበለው» ልል ሞከርኩ፤ አልወጣልኝም።

ቤት ስደርስ እናቴ በደህናዋ እጅ አንሶላ ታጣጥፋለች።

«ያ ዝምተኛ ልጅ የት ጠፋ?»

«እኔ እንጃ።»

«ተጣላችሁ?»

«የእጅሽን ነገር ለኮሌጁ ጻፈብኝ፣ እማዬ።»

አንሶላውን አስቀመጠች። «እሱ? አፉን ለመክፈት ፈቃድ የሚጠይቀው ልጅ?» ቆየት ብላ፦ «ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቅኩትም። ጠይቂው እንዳትለኝ ተነሥቼ ሸሚዝ መተኮስ ጀመርኩ። ያን ክረምት ስንት ሸሚዝ እንደተኮስኩ አላውቅም። ንባብ ክፍሉ አልሄድኩም። አንዴ መንገድ ላይ እትዬን አገኘኋቸው። «እሱም ቀረ፤ አንቺም ቀረሽ» አሉኝ፤ «መጽሐፉ ብቻውን ተቀምጧል።»

ኮሌጁ ሌላ ከተማ ነው። ክፍላችን ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን። ሦስቱ ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው፤ ክፉዎች አልነበሩም። አንዲት ቃል ተናግረው ሦስቱም ይስቃሉ፤ ቃሏን አውቃታለሁ፣ ሳቁን ግን አላውቀውም። «አንቺስ በማን በኩል ገባሽ?» አለችኝ አንደኛዋ፤ በየዋህነት። መልስ ፈለግኩ። እንደ ድሮዬ ቱግ ልል ነበር፤ ግን ለመቆጣት እንኳ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያዳምጠኝን ደግሞ ኮሪደር ላይ ጥዬው መጥቻለሁ። ምሳ አዳራሹ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ብቻዬን እበላለሁ። ማክሰኞ ይመጣል፤ ያልፋል።

በሁለተኛው ወር ሬጅስትራር ጠራን። እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ማህደሩን አይቶ፣ ስህተት ካለ አሳርሞ፣ ገጽ በገጽ ሊፈርም። መዝገብ ቤት ያሉት አዛውንት ማህደሬን ሰጡኝ። ቆሜ ገለጥኩት። የቆሙት ፊደሎች ተቀበሉኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ።

ልዩ ሁኔታ። ከሥሩ፦ «የለም።» ሳይነካ፣ እንዳልኩት።

ከእሱ በታች፣ አንድ መስመር ዘሎ፣ ይህ ተጽፏል፦

«ከዚህ በታች ያለው የአመልካቿ ቃል አይደለም፤ ቅጹን የሞላሁላት ሰው ነኝ። የለም በል አለችኝ፤ ጻፍኩ። እኔ ግን አልስማማም። በሕዝብ መጻሕፍት ቤት ያለው የፈተናችሁ መልስ መጽሐፍ አሥራ አንድ ቦታ ተሳስቷል። ለዓመታት ስንት ተማሪ ተምሮበታል፤ ማንም አልተናገረም። እኔም ሦስቱን አይቼ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብዬ ነበር። እሷ ግን መጽሐፉን ተከራከረችው። ዝርዝሩን አያይዣለሁ። ሌላ ልዩ ነገር ስለ እሷ መናገር አልተፈቀደልኝም። ይህ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ፣ ልዩ ሁኔታ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ዝርዝሩ ተያይዟል። የዚያ ቅዳሜ ወረቀት፣ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ። ጥጉ ላይ የላጲስ ብናኝ ያቆሸሸው ትንሽ ጥላ አለ።

ስለ እናቴ እጅ አንዲት ቃል አልነበረችም።

«የኔ ልጅ፣ ስህተት አገኘሽበት?» አሉ አዛውንቱ።

«አዎ።»

«የቱ ጋ ነው? እናርመዋለን።»

«ወረቀቱ ላይ አይደለም» አልኩ። አሥራ ሁለተኛው እንደገና የእኔ ነበር። ምልክቱን ገልብጬዋለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ላጲስ የሰጠኝ አልነበረም።

ለእረፍት እንደተለቀቅን ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴ ሳልገባ ወደ ታፔላ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱኝ። መሰላል ላይ ቆሟል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የሚጽፈውን አነበብኩ፦ «ለታላላቅ ኮሌጆች መግቢያ እናዘጋጃለን። ማመልከቻ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ልዩ ሁኔታ»። የመጨረሻው መስመር ገና አላለቀም።

መሰላሉ ትንሽ ይወዛወዝ ስለነበር ያዝኩት። ወደ ታች አየ። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ።

«ልዩ ሁኔታም ያስጠናሉ እንዴ?» አልኩ። ሌላ ቃል አጥቼ ነው።

«ያስጠናሉ።»

«አነበብኩት።»

ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ፤ ጠርዙ ላይ ጠረገው።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር፤ እንዴት እንደሚባል እንኳ በደንብ አላወቅኩበትም። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! ተቆጣኝ!»

ፈገግ አለ። ፈገግታው ከድሮው ያነሰ ነበር። «ኮሌጁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ብቻዬን ነኝ።» ከዚያ ለወራት ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኩ። «ያን ቀን… ምን ጠየቁህ?»

አንድ ፊደል ጻፈ። ሁለተኛ ጻፈ። የማይመልስልኝ መስሎኝ ነበር።

«ሰብሳቢዋ፣ ልዩ ሁኔታ የለም ብለሃል፤ እውነት ምንም የለህም? አሉኝ።»

«ምን አልክ?»

«ነበረኝ፤ አሁን በዚያ በር ወጥታ ሄደች ልል ነበር።»

«እና?»

«የለም አልኩ። ሌላም ጠየቁኝ፤ ድምፄ አልወጣም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ።» ብሩሹን አየ። «ይነቅዛል።»

መሰላሉን ጨበጥኩት። ኮሌጁ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እንደማይፈትን ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን ደንብ ያወጣው ማን ይሆን? በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ኮሪደር በተሰበረ ልጅ ላይ በሩን ለዘላለም የሚዘጋ ደንብ! ልጮህ ነበር። ግን የኮሪደሩ ጩኸት የማን ነበር? ንዴቴን ሁሉ ይዤ በሄድኩበት ጫፍ ላይ ራሴን አገኘሁት።

«አታልቅሺ» አለ። «የማታ ኮሌጅ ገብቻለሁ፤ ማንንም የሚቀበለው። እዚያም ሒሳብ ያው ሒሳብ ነው። አስተማሪው ባለፈው አንድ ነገር ተሳሳተ። እጄን አወጣሁ።»

«አንተ? እጅህን?»

«ከአንቺ ነው የተማርኩት።»

«እኔ ጋ ግን እጅህን አላወጣህም።»

«አንቺ ስትናደጂ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የት እንደምቆም አላውቅም። አኩርፌሽ አይደለም። ስላንቺ የጻፍኩትን ዛሬም እጽፈዋለሁ። አብሬሽ መቆሚያውን ነው ያላወቅኩት።»

 

እስኪጨርስ መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። ሰው በአጠገባችን ያልፋል፤ ፀሐይ ከግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ወረደች። የመጨረሻዋን ፊደል ዘጋና ወረደ። ጎን ለጎን ቆመን አየነው። ትከሻችን ሊነካካ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

«እስቲ ስህተት ፈልጊበት» አለኝ።

ፈለግኩ። እግዜር ያውቃል፣ ከልቤ ፈለግኩ። አንዲት የተጣመመች መስመር፣ አንዲት የፈሰሰች ጠብታ ባገኝ ዳግመኛ መሰላል ላይ ይወጣ ነበር፤ እኔም ጥቂት እቆይ ነበር።

«የለም» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ብሩሹን ጠረገ፣ መሰላሉን ትከሻው ላይ አደረገ፤ የክፍል ሰዓቱ ደርሶበት ነበር። ጥጉ ጋ ሲደርስ አንዴ ዞረ።

ያ አስጠኚ ቤት ከተዘጋ ስንት ዓመት ሆነው። ቤቱ አሁን ሌላ ነገር ይሸጥበታል፤ ታፔላውን ግን አላወረዱትም። ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አነበዋለሁ። ቀለሙ ለቋል። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።